ትልቋን የሚመልስ ሰው

የአያ ቱሬን መርዶ የሰማሁት ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው። ዘይቱ ግሎልኝ የመጀመሪያውን ዓሣ መጥበሻው ላይ ላደርግ ስል፣ ከጨፋ ሮቢት ማሽላ ይዛ የመጣች ሴት አጠገቤ ቆመችና «ዘምዘም፣ ያ ዓሣ ለኪው ሰውዬ ወደ አኼራ ሄደ አሉ» አለችኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። መጥበሻውን አወረድኩ። ቆመው የሚጠብቁኝን ሰዎች «ዛሬ የለም» አልኳቸውና ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ለቅሶው ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ በሴቶቹ በኩል ተቀምጬ ሳለሁ ከወንዶቹ በኩል የይመር ድምፅ ተሰማኝ። ይመር ለብዙ ዓመት የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር የነበረ ሰው ነው። «ቱሬ ለስላሳ ሰው ነበር» ይላል። «ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ከማንም ጋር ክፉ ደግ ተነጋግሮ አያውቅም።» ሰውም ሁሉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል።

የሞተ ሰው ቤት ነውና ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አያ ቱሬ ለስላሳ አልነበረም። ከይመር ጋር ተጣልቷል። ከማኅበሩ ጋር ተጣልቷል። ከእኔ ጋርማ ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እስኪያየን ድረስ ተጣልተናል። ያን ሁሉ ጥል ከወሰዱበት ምን ሊተርፈው ነው?

ጨፋ ውስጥ ረግረጉ የሚሰፋበት፣ ቦርከና ሞልቶ የተወው ውሃ ዓመቱን ሙሉ የሚተኛበት ቦታ አለ። ካርታ ላይ ስም ይኑረው አይኑረው እንጃ፤ እኛ ሐይቁ እንለዋለን። በበጋ ከብቱ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ወንዶቹ በታንኳ እየገቡ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ ዳር ላይ የዓሣውን ሆድ እንቀድዳለን፣ እናጥባለን፣ ሥጋውን ከአጥንቱ እንለያለን። ትልልቁ በይመር በኩል አስፋልቱ ዳር ወዳሉት ሆቴሎች ይሄዳል። ትንንሹን እኛ ገዝተን፣ ጠብሰን፣ ከሚሴና ሰንበቴ እንሸጣለን። ልጄ በወሊድ ሞታ ሦስት ልጆች ጥላብኝ ስለሄደች እነሱን ያሳደግሁት በዚያ ትንንሽ ዓሣ ነው።

አያ ቱሬ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሽርጡን ሁልጊዜ እስከ ጉልበቱ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ኦሮሞ ነው፤ አማርኛውም እንደኛው ነው። ሲያስረዳ በአማርኛ፣ ሲናደድ በኦሮምኛ ይናገራል። እኔን ብዙውን ጊዜ ያናገረኝ በኦሮምኛ ነው። «ላኪ!» ይላል፤ ተዪ፣ አይሆንም ማለቱ ነው። እጁን አንስቶ «ላኪ!» ካለ በኋላ የአገር ሽማግሌ ቢሰበሰብ አይመልሰውም። እኔም የምመለስ ሰው አልነበርኩም።

በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ አንዲት የግብርና ባለሙያ መጣችና ማኅበሩን ሰበሰበችው። ዓሣው እያለቀ ነው አለች። ውሸት አልነበረም፤ መረቡ በየዓመቱ ቀልሎ ነበር የሚወጣው። «ከእንግዲህ ከሃያ ሳንቲሜትር ያነሰ ቆሮሶ አይያዝም» አለች።

«ሃያ ሳንቲ ምን ያህል ነው?» አለ አንዱ።

«አንድ ስንዝር ገደማ።»

«ገደማ» ብላ ባትሄድ ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቅ አይመጣም ነበር። ይመር ወዲያው አያ ቱሬን ለኪ አድርጎ ሾመው። ሰው «ታማኝ ስለሆነ ነው» አለ። ታማኝስ ታማኝ ነው፤ ግን እጁን አይታችሁት ቢሆን ይመር ለምን እንደመረጠው ይገባችሁ ነበር። በአካባቢው የሱን እጅ የሚያህል እጅ አልነበረም። የሱ ስንዝር ሲዘረጋ የእኛ ዓሣ ሁሉ ትንሽ ሆነ፤ የይመር የሆቴል ዓሣ ግን ያልፋል።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ የማውቀው ነገር አለ። አቡጀዲ በክንድ በሚለካበት ጊዜ አባቴ ገበያ የሚወጣው ረጅሙን አጎቴን አስከትሎ ነበር፤ ጨርቁ በአጎቴ ክንድ ይለካል። ገዢ መለኪያውን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በማግስቱ ጎረቤቴን ሐዋን ይዣት ወረድኩ። ሐዋ ሰባት የወለደች ሴት ናት፤ እጇ ግን የሕፃን እጅ ነው።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ አያ ቱሬ፣ ሐዋ ዓሣው ላይ እጇን ስትዘረጋ።

«ስንዝር ናታ።»

«የማን ስንዝር?»

«የሰው! ሐዋ ሰው አይደለችም? ሕጉ ስንዝር አለ እንጂ የቱሬ ስንዝር አለ?»

ሐዋ ዓሣውን ለካችው። ከስንዝሯ አልፎ ሁለት ጣት ተረፈ። አያ ቱሬ ሣር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። እንባውን ጠረገና «ላኪ! ከነገ ጀምሮ ስንዝር የለም» አለ። ተነሥቶ ከሚሴ ወጣ፤ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቶ ቀጥ ያለ ሸምበቆ በሜትር አስለክቶ፣ ሃያ ሳንቲው ላይ በቢላ ቆርጦ ምልክት አደረገበት። የሱ እጅም የሐዋም እጅ አበቃላቸው። ይመር ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ምን ብሎ ይከልክለው?

ቀጥሎ የጅራቱ ክርክር መጣ። ጅራቱ ይቆጠራል አይቆጠርም? እኛ ሴቶቹ ይቆጠራል አልን። አንዱ አጥማጅ «በሬ ስትገዙ ጅራቱን ትለካላችሁ?» ብሎ አፌዘ። ሐዋ እንዲያ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን «በሬህ በጅራቱ የሚዋኝ ከሆነ አዎ!» አለችው። በዚህ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ተኳረፈ። በመጨረሻ አያ ቱሬ «ጅራቷን የሰጣት አላህ ነው፤ እኔ አልቀንስባትም» ብሎ ለእኛ ፈረደ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ታንኳ ሲጠጋ፣ ሸምበቆውን ከማውጣቱ በፊት፣ በሕይወት ያለችውን ቆሮሶ ሁሉ አፏን በአውራ ጣቱ ከፈት አድርጎ ያያል። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍል፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ምግብ ሳትቀምስ ትከርማለች። አፏ ውስጥ ካገኘ ርዝመቷን አይጠይቅም፤ ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ ይለቃታል። «ልጅ የጎረሰችን እናት አልለካም» ይላል። ይህን ሲያደርግ ያ ሁሉ ቁጣው የት እንደሚሄድ አላውቅም።

በእኔ ላይ ግን ቁጣው የትም አልሄደም። አንድ ጠዋት፣ የሁዳዴ ጾም ሊገባ አካባቢ፣ ሆቴሎቹ ዓሣ አብዝተው በሚፈልጉበት ጊዜ፣ ከአንድ አጥማጅ ትንንሽ ቆሮሶ ገዝቼ ቅርጫቴን ሞልቼ ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኝ። ሸምበቆውን አንድ በአንድ ዓሣው ላይ አደረገ። ሁሉም አጭር ነበር። ይህን አልክድም፤ አጭር ነበር። ከዚያ የሚረዝመውን ሁሉ ሆቴሉ ወስዶት የተረፈን ያ ነበራ።

ቅርጫቴን ከእጄ ነጥቆ ሐይቁ ውስጥ ደፋው።

«ምን አደረግህ?» ብዬ ጮኽኩ። «የሞተ ዓሣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሊያድግልህ ነው?»

«ሰው አይቶ ይማር።»

«ልጆቼ ማታ ምን ይብሉ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ምን ሊበሉ ነው? እሱን ንገሪኝ!»

ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ውሃው ላይ ተንሳፈፉ። ወፎቹ ወረዱባቸው። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ክንዱን ያዝኩና እየጎተትኩ ወደ ይመር ታንኳ ወሰድኩት። በቁመትም በጉልበትም ይበልጠኝ ነበር፤ ግን ተጎተተ። እርጥብ ቄጠማ ላይ ትልልቅ ቆሮሶዎች ተደርድረው የሆቴሉን መኪና ይጠብቃሉ።

«እነዚህን ለካሃቸው?»

«ከምልክቱ በላይ ናቸው።»

«ከምልክቱ በላይ ናቸው! እንቁላሉን የምትጥለው ማን ናት? ትንሿ ናት? አንተ ከላይ ቆዳቸውን ትለካለህ፤ እኔ ስንት ዓመት ሆዳቸውን ስቀድ ኖርኩ። ሐይቁን የጨረሰው የእኔ ቅርጫት ነው ወይስ ይሄ?»

በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረመና ሄደ። ያን ለት ልጆቹ ደረቅ ቂጣ በልተው ተኙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አሱር ከተሰገደ ወዲያ፣ ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። «አካም ኦልቴ፣ ዘምዘም» አለ፤ እንዴት ዋልሽ ማለቱ ነው። ፊቴን አዞርኩበት። በያዘው ቅጠል ተጠቅልለው ሁለት ቆሮሶዎች ነበሩ፤ አንዷ ከምልክቱ ጥቂት የምታልፍ፣ አንዷ ትልቅ።

«ቅደጃቸው» አለ። «ሆዳቸውን አሳዪኝ።»

ሁለት ሲኒ አመጣሁ። የትንሿን እንቁላል በአንዱ ሲኒ አደረግሁ፤ ሲኒው አልሞላም። የትልቋን በሌላው ሳደርግ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሦስተኛ ሲኒ አመጣሁ። አያ ቱሬ ቁጢጥ ብሎ ሲኒዎቹን አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያን እያየ ብዙ ቆየ።

«ዱጋ» አለ በመጨረሻ። እውነት ነው ማለቱ ነው።

«እውነት ከሆነ ምን ታደርጋለህ?»

«ማኅበሩ ፊት እናገራለሁ።»

«ይመር ያባርርሃል።»

«ያባርረኝ። ሐይቁ ከማኅበሩ በፊት ነበረ።»

ቅርጫቴን ስለ መድፋቱ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አላነሣሁበትም። ሁለቱን ዓሣ ትቶልኝ ሄደ።

ስብሰባው የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ነበር። እኛ ሴቶቹ አባል ስላልነበርን ከአጥሩ ውጭ ቆመን ሰማን። አያ ቱሬ ተነሣ፤ ቢላውን አወጣና ሁሉም እያየ ሸምበቆው ላይ ሁለተኛ ምልክት ቆረጠ፤ ከመጀመሪያው በላይ፣ ስንዝር ከጋት ላይ።

«ከታችኛው በታች የሆነች ትመለስ» አለ። «ከላይኛው በላይ የሆነችም ትመለስ፤ ዘሩ ያለው እሷ ጋ ነው። መሀሉን እንብላ። ከመሀሉ ግማሹ እዚሁ ዳር ላይ ለሴቶቹ ይሸጥ፤ ግማሹ ለሆቴል ይሂድ። እስከ ዛሬ ትንሿን የከለከልናቸው ሌላ ሳንተውላቸው ነው።»

ይመር ሳቀ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ሳቁ።

«ቱሬ» አለ ይመር፣ «አጥማጅ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ አንተ ይቅርታ ጠይቆ ይልቀቃት ነው የምትለው?»

«አልሐምዱሊላህ ብሎ ይልቀቃት። ማን ከለከለው?»

«ሆቴሉ ምን ይበል?»

«ሆቴሉ መሀሏን ይብላ። ዘምዘም ከምትበላው የተሻለች ናት።»

ድምፅ ተሰጠ። ከአያ ቱሬ ጋር እጁን ያነሣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ጆሮው አይሰማምና ለምን እንዳነሣ እንጃ። አያ ቱሬ ሄዶ ሸምበቆውን ይመር ጉልበት ላይ አኖረለት። «ድሃ ብቻ የሚለካ ሸምበቆ አልይዝም» አለና ወጣ። ለኪ በመሆኑ በየቀኑ ለቤቱ የሚሰጠው ዓሣ ያን ለት ቀረ።

በማግስቱ በራሱ ታንኳ ገባ። ሲመለስ ዳር ላይ ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቀና፣ ከያዛቸው ትልልቆቹን እየለየ ለቀቃቸው። «አብዷል» አሉ። በሦስተኛው ቀን ማኅበሩ «አድማ እያነሣሣ ነው» ብሎ ታንኳውን ጎትቶ መጋዘን ቆለፈበት።

ያን ለት ጨለማ ሳልጠብቅ በጠራራው ፀሐይ ከቤት ቤት ዞርኩ። «ነገ ቢላ የሚነካ እጅ አይኑር» አልኩ። አንዳንዷ ፈራች። ሐዋ «የኔ እጅ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞም ማንም አያየውም፤ እኔ አልነካም» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁና እሺ አሉ። በማግስቱ ሁላችንም ወርደን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ዓሣው መጣ። አልተነሣንም።

ወንዶቹ ዓሣውን ራሳቸው ሊቀድዱ ሞከሩ። አላህ ያሳያችሁ! አንዱ አውራ ጣቱን ቆረጠ። ሌላው ሐሞቱን አፍርጦ ሥጋውን ሁሉ አመረረው። ያወጡት ሥጋ ላም አኝካ የተፋችው ይመስል ነበር። የሆቴሉ ሾፌር አንዴ አይቶ በሩን ዘጋና ባዶውን ሄደ። የጨፋ ሙቀት ደግሞ አይጠብቅም፤ በሁለተኛው ቀን ሽታው ከአስፋልቱ ይሰማ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይመር ራሱ መጣ። አጥማጆቹም ተከትለውት መጡ። አያ ቱሬ ታንኳ ስላልነበረው እኛ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለን ይመር።

«ከመሀሉ ግማሹን» አልኩት። «የአያ ቱሬን ታንኳ። ትልቋም እንድትመለስ።»

«ትልቋን አልችልም። ሆቴሉ የሚፈልገው እሷን ነው። ግማሹን ግን ውሰዱ። ታንኳውንም ይውሰድ።» ከዚያ ወደ አያ ቱሬ ዞረ። «እሱ ግን ሰው ፊት አዋርዶኛል። እዚሁ ሁሉም እየሰማ ይቅርታ ይጠይቅ። ካልጠየቀ ግማሽ የሚባል የለም።»

ሴቶቹ ሁሉ አያ ቱሬን አዩት። ሦስት ቀን ያለ ሥራ ውለናል። ሐዋ በጆሮዬ «አንድ ቃል ናት፤ ይበላትና እንገላገል» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ተናገራት እያልኩ ነበር። ቤቴ ውስጥ የቀረው አንድ ቁና ማሽላ ነበር።

አያ ቱሬ ሽርጡን ሰበሰበ። ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣ። ይመርን አልፎት እኔ ፊት ቆመ።

«ዘምዘም» አለ፣ በአማርኛ። «ያን ቀን ቅርጫትሽን የደፋሁት ትልቁን ሳላይ ነው። ትንሽ ሲገኝ ጉልበቴ በረታ፣ ትልቅ ሲያልፍ ዓይኔ አላየም። ልጆችሽንም ራታቸውን ነሣኋቸው። ሰው ሁሉ ይስማ፤ በድዬሻለሁ። አፉ በይኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሱ እንደማልሰማ እርግጠኛ ነበርኩ። «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት።

ይመር ጠበቀ። ጠበቀና «ለኔስ?» አለ።

አያ ቱሬ ዘወር ብሎ አየው። «አንተ ቅርጫት ተደፍቶብህ ያውቃል?»

ከአጥማጆቹ መሀል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። ይመር ዙሪያውን አየ፤ የበሰበሰውን ዓሣ አየ፤ እኛን አየ። «ቁረጡ እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብሎ ጮኸብንና ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሀሉ ግማሹ የእኛ ሆነ። ይመር በኋላ «ቱሬ ይቅርታ ጠይቆኝ ነው» እያለ ያወራ ነበር። ማንን እንደጠየቀ ግን ዳር ላይ የነበረ ሁሉ ሰምቷል።

አያ ቱሬ ወደ ለኪነቱ እንዲመለስ ሁለት ጊዜ ተለምኖ ሁለቴም «ላኪ» አለ። ላይኛው ምልክት ሕግ እስኪሆን ሸምበቆውን አልይዝም አለ፤ አልሆነም፤ አልያዘም። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በራሱ ታንኳ እየገባ ትልልቆቹን ሲለቅ ኖረ። ጥቂት ሰዎች ተከተሉት፤ የሚበዙት አልተከተሉትም።

ባለፈው ከጽሕፈት ቤቱ አዲስ ወረቀት የያዘ ወጣት መጥቶ ነበር። ወረቀቱ ላይ አሁንም ያለችው ትንሿ ብቻ ናት። ስለ ትልቋ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ይሄ በባለሙያ የተጠና ነው» አለኝ።

«ያጠናው ሰው ዓሣ ቀዶ ያውቃል?»

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

እኛ ዳር ላይ ያለን ሴቶች ግን ሆዷ የሞላ ትልቅ ቆሮሶ ሲያመጡልን አንቀድዳትም። ማንም አልፈቀደልንም፣ ማንንም አላስፈቀድንም። ሆቴሉ ቢቆጣ፣ ማኅበሩ ቢቆጣ፣ የያዛት ሰው ቢሳደብ አንነሣም። የፈለገ ራሱ ይቅደዳት፤ ቢላው ያውና።